ከግብር ወደ ሒሳብ

«ግብር» የሚለው ቃላችን ሁለት ፊት አለው። ገበሬው ከጎተራው አውጥቶ ለገዥው የሚሰጠው ግብር ነው፤ ገዥው አዳራሹን አስከፍቶ፣ ሰንጋ አስጥሎ፣ ጠጅ አስቀድቶ መኳንንቱንና ወታደሩን የሚያበላውም ግብር ነው። አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይበላል። ለሁለቱም አንድ ስም መሰጠቱ የቋንቋ ድህነት አይመስለኝም። የጥንቱ ሰው እህሉ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው ገበታ ላይ እንደሚቀርብ ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር ሁለተኛ ስም ማውጣት አላስፈለገውም።

ይህን ያሰብኩት በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አንኮበር ላይ፣ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ አናት፣ ከሎጁ ምግብ ቤት ቁጭ ብዬ ሒሳብ እስኪመጣልኝ ስጠብቅ ነው። የጠጣሁት አንድ ስኒ ቡና ነበር። አስተናጋጁ ትሑት ልጅ ነው፤ ቡናውም ግሩም ነበር። የሚያስቀይም ነገር አልገጠመኝም። ግን ሒሳብ የምትለዋ ቃል ያን ቀን እንደ ልማዷ በጆሮዬ አልፋ አልሄደችም።

ምክንያቱ አያቴ ናቸው። አያቴ የመንዝ ሰው ነበሩ፤ የሞላሌ ገበሬ። ስለ አንኮበር ሲነሣ ሁልጊዜ የሚያወሩት አንድ ወሬ ነበራቸው፤ ከአያታቸው የሰሙት። ያ ሰው ከመንዝ ደጋ የሱፍ ባናና ሙክት ይዞ፣ ብርድና ገደል ችሎ፣ ቀናት ተጕዞ አንኮበር ይወጣል። ያመጣውን ያስረክባል። ከዚያ በአጥሩ በኩል ሽታው የሚያውድ የሰንጋ ጥብስና የእምቢልታ ድምፅ እየሰማ ከደጅ ይውላል፤ አጋፋሪው ግን «ግባ» አይለውም። ሲመሽ ይመለሳል። አያቴ ወሬውን የሚዘጉት ሁልጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ «ግብር ይዞ ወጣ፣ ግብር ሳይበላ ወረደ።» ከዚያ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይሥቃሉ። ቂም የለበትም፤ ፍርድ ግን ነበረበት።

እንግዲህ እኔ የዚያ ሰው ልጅ ልጅ ልጅ፣ አምስተኛ ትውልድ መሆኔ ነው፣ ገባሁ። አጋፋሪ አልከለከለኝም። ከአያቴ ወገን የመጀመሪያው ገቢ እኔ ሳልሆን አልቀርም። የከፈልኩት የቡና ዋጋ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንኮበር የመንዝ አይደለም የሚል ካለ ትክክል ነው። ነገር ግን አንኮበር የተሠራው ከመንዝ በወረደ ዘር ነው። የሸዋ ነገሥታት አባት የሚባለው ነጋሲ ክርስቶስ ወረደ ቃል የተነሣው ከመንዝ ነው። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ በየትውልዱ ከዚያ ቀዝቃዛ ደጋ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እየወረዱ አምባቸውን ቀየሩ፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አምኃ ኢየሱስ አንኮበርን መቀመጫቸው አደረጉ። ቦታውን ላየ ሰው ለምን እንደመረጡት ግልጽ ነው። ከኋላ የደጋው ሜዳ፣ ከፊት ወደ አፋር ቈላ የሚወርደው ገደል። ከገደሉ ግርጌ አልዩ አምባ አለ፤ ከቈላ የሚመጣው አሞሌ፣ ከደጋ የሚወርደው እህል፣ ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ደግሞ በዚያ አካባቢ ይሸጥ የነበረው ሰው የሚገናኝበት ገበያ። አንኮ የምትባል እመቤት የዚህ ቦታ ባለቤት ነበረች፣ «አንኮ በር» የተባለውም በእርሷ ነው የሚል ወሬ አለ። እውነትም ይሁን ተረት፣ በር መሆኑ አይካድም። በሩን የያዘ ሁሉን ያዘ።

የአንኮበር ዝና የወጣው በሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው፤ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም.። ሚስዮናዊው ክራፕፍ የመጣው በእርሳቸው ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም እንዲሁ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት ሻለቃ ኮርንዎሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ ገደሉን ወጣ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ፤ አገሩ ሲመለስም ስለ ኢትዮጵያ ደጋ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ሃሪስ ትዕቢተኛ ጸሐፊ ነው፤ ሲያናድድ ገጽ በገጽ ነው። ዓይኑ ግን ጥሩ ነበር። ኮረብታውን ደርበው ደርበው የሚዞሩትን የእንጨት አጥሮች፣ የሣር ክዳን ቤቶቹን፣ በግቢው የሚተራመሰውን ሕዝብ አይቶ ጽፏል። እርሱም ሆነ በዘመኑ የመጡት ሌሎች እንግዶች አንድ ነገር አላለፉም፤ ለቤተ መንግሥቱ ውሃ የሚቀዱት፣ እንጨት የሚሸከሙት፣ እህል የሚፈጩት ባሮች ነበሩ። ያን ኮረብታ ባዶ እጁን የወጣ ሰው እንስራ ተሸክሞ መውጣት ምን እንደሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ አንኮበር ዋና መቀመጫ ሆና የቆየችው ጥቂት ዓመታት ነው። ንጉሡ ዓይናቸው ወደ ደቡብ ሄደ፤ እንጦጦ ወጡ፣ በ1879 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተቈረቈረች። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ቢደርስ ገዥው የለም፤ እንጦጦ ናቸው ተባለ፤ ተከትሎ ሄደ። አንድ ከተማ መሞት ስትጀምር እንዲህ ነው። ጠላት አያቃጥላትም፤ «የሉም» ይባላል።

ከዚያ ሁሉ አጥርና አዳራሽ ለእኛ ዘመን የተረፈው የአንድ ግንብ ስባሪ ነው። ለብዙ ዓመታት ተጓዥ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተንገላቶ ኮረብታውን ይወጣና ያቺን ግንብ አይቶ ይወርድ ነበር። ነገሥታቱ የተረሱት በነገሥታት ጠላቶች ብቻ አይደለም። ዘውዱ ራሱ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ዘወር ብሎ አላያትም። በዚህ መካከል ነው የግል ባለሀብት ተነሥቶ በኮረብታው ላይ የጥንቱን ቤተ መንግሥት መልክ የሚከተል አዳራሽና የእንግዳ ማረፊያ የሠራው። አዳራሹ ምግብ ቤት ነበር፤ የማደሪያ ክፍሎቹ በአካባቢው ተኝተው ነበር። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ሎጅ ይባል ነበር።

መቼም ሂስ ጸሐፊ ነኝና ቤትን እንደ መጽሐፍ ማንበብ ልማዴ ነው። ይህን «መጽሐፍ» ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ምስጋና መሆኑን ልናገር። መንግሥት በየዘመኑ የተወውን ቦታ አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ ሰው እንዲወጣበት አደረገ። ለአንኮበር ልጆች ሥራ ተገኘ። ከአዲስ አበባ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ ያደረ ሰው ጧት በር ሲከፍት፣ ጉም ከገደሉ ሲነሣ፣ ነገሥታቱ ለምን እዚህ ተቀመጡ የሚለውን ያለ አስረጂ ይረዳዋል። ይህን ማንም የታሪክ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ላይ አይጽፈውም።

ጥያቄው ከዚህ በኋላ ነው የሚጀምረው። የድሮ መልክ ተከትሎ የተሠራ አዲስ ቤት ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? የጥንት ቅርስ የሚያድሱ ባለሙያዎች በ1964 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ተሰብስበው ያወጡት ደንብ አለ። ከደንቡ አንዱ ሐሳብ፣ በጥንታዊ ሥራ ላይ የሚጨመር ማናቸውም አዲስ ነገር ከአሮጌው ጋር ይስማማ፣ ነገር ግን አዲስ መሆኑ ይለይ የሚል ነው። ተመልካች እንዳይታለል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብናገረው፣ ሰሙ ሰም መሆኑ ይታወቅ፣ ወርቁም ወርቅ። አንኮበር ላይ የቀረው ወርቅ ያቺ የግንብ ስባሪ ናት። አዳራሹ ሰም ነበር። ሰም መሆን ነውር አይደለም፤ ያለ ሰም ወርቁም አይፈስም። ነገር ግን እንግዳ ሆኖ ወጥቶ፣ ከአዳራሹ በልቶ ጠጥቶ «የምኒልክ ቤት ገብቼ መጣሁ» የሚል ወዳጅ ስንት አለኝ! አልገባህም ወንድሜ፤ የምኒልክ ቤት የነበረበት ገብተህ ነው የመጣኸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚጠብቀው ግንበኛው ብቻ አይደለም፤ እኛ ወሬ ነጋሪዎቹም ነን።

ከዚህ የበለጠ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ቤተ መንግሥት ሲባል አንድ ክፍል አልነበረም። እልፍኝ አለ፣ አዳራሽ አለ፣ ችሎት አለ፣ ግምጃ ቤት አለ፣ ጠጅ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ሥጋ ቤት አለ፤ እስር ቤትም አለ። ከአንኮበር ብዙ ሳይርቅ ጎንቾ የሚባል አምባ ነበር፤ ለዙፋን ያሰጉ የንጉሡ ዘመዶች በሰንሰለት የሚቀመጡበት። ሃሪስ በመጽሐፉ፣ ሣህለ ሥላሴ በእርሱ ምልጃ እነዚያን እስረኞች እንደፈቱ ጽፏል፤ ምልጃውን አጋንኖት ይሆናል፣ እስር ቤቱ ግን ነበረ። እንግዲህ ቤተ መንግሥት ወደ ሆቴል ሲለወጥ ከነዚህ ሁሉ ክፍሎች የሚመረጡት ሁለት ናቸው፤ እልፍኝና አዳራሽ። መኝታና ምግብ። ሌላው አይመለስም። ችሎቱ አይመለስም፤ የመንዝ ገበሬ ርስቱን ይዞ ዓመት ከዓመት የተሟገተበት። ጠጅ ቤቱ ይመለሳል፣ ማሩን ያመጣው ሰው የቆመበት ደጅ ግን አይመለስም። ሆቴል ማለት ቤተ መንግሥትን ከበላተኛው ወገን ብቻ የሚተርክ መጽሐፍ ነው።

ይህ የአንኮበር ጥፋት አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ ነው፤ በዓለም ሁሉ እንዲሁ ነው። በለንደን፣ በኋይትሆል ጎዳና ላይ፣ በ1906 እ.ኤ.አ. የተሠራ የእንግሊዝ ጦር ሚኒስቴር ሕንፃ ነበር። ቸርችል የጦር ሚኒስትር ሆኖ የሠራበት። በ1933 ዓ.ም. ኢጣሊያ ስትባረር ኢትዮጵያን «የተያዘ የጠላት ግዛት» ብሎ ሊያስተዳድር የመጣው የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር አለቃው ይኸው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ አገራቸው ሹም ለመሾም ከዚያ ቤት ሰዎች ጋር እስከ ጥር 1934ቱ ውል ድረስ ተጨቃጭቀዋል። የእንግሊዝ መንግሥት ሕንፃውን በ2016 እ.ኤ.አ. ከ350 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ በሆነ ዋጋ ለ250 ዓመት በሊዝ ሰጠው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ከዓለም ውድ ሆቴሎች አንዱ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ ገንዘብ ያለው ሰው የጦር ሹማምንት በተቀመጡበት ክፍል ይተኛል። ትእዛዝ ከዚያ ክፍል ወጥቶ የደረሰበት ሰው ግን፣ በርማ ይሁን ሶማሌ ወይም የኛው ኦጋዴን፣ ከምግብ ዝርዝሩ ላይ የለም። በሲንጋፖርም በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራው ትልቁ ፖስታ ቤት በ2001 ሆቴል ሆኗል። ፖስታ ቤት ነገሩ ቀለል ይላል፤ ደብዳቤ ማንንም አያስርም።

ስፔኖች ለዚህ ነገር የተሻለ ብልሃት አላቸው። ከ1928 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፓራዶር» የሚሏቸው ሆቴሎች አሏቸው፤ ብዙዎቹ የድሮ ግንቦች፣ ገዳማትና ቤተ መንግሥቶች ናቸው። ባለቤቱ መንግሥት ነው። ክፍያው ለግል ኪስ አይገባም፤ ሕንፃው የሕዝብ እንደሆነ ይቀራል። ይህን ስል የኛ መንግሥት ሆቴል ያስተዳድር ማለቴ አይደለም! በደርግ ዘመን መንግሥት ሆቴል ሲያስተዳድር አይተናል፤ አንሶላውም ትዝ ይለናል።

የኛ ሆቴል ታሪክ ራሱ የጀመረው ከቤተ መንግሥት ጓዳ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሆቴል የአገሩ የመጀመሪያ ነው። ሲወራ እንደምንሰማው መኳንንቱ «ከፍሎ መብላት» የሚባለውን ነገር ነውር አድርገውት ነበር። ሰው እንዴት ለበላው እንጀራ ገንዘብ ይቈጥራል? ንጉሡ ራሳቸው ጋብዘዋቸው ከለመዱ በኋላ ነው አሉ ሒሳብ የመጣባቸው። ይህ ወሬ ሁልጊዜ የሚነገረው ለሣቅ ነው። እኔ ግን ከሣቁ ጀርባ አንድ ትልቅ የዘመን ለውጥ ይታየኛል። እነዚያ መኳንንት ያፈሩት ከፍለው መብላትን ነበር፤ ሳይከፍሉ መብላት ግን አላሳፈራቸውም። የሚከፍልላቸው ሌላ ሰው ነበረና፤ ከመንዝ ባና ይዞ የመጣው ሰው። በዚህ ዓይን ካየነው ሒሳብ ከግብር ይሻላል። ሒሳብ ቢያንስ የበላው ራሱ ይከፍላል። አጋፋሪም «አንተ ማነህ፣ የማን ወገን ነህ?» አይልም፤ ኪስህን ነው የሚያየው።

ኪስን ማየትም ቢሆን የራሱ አጋፋሪነት አለው። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠራው ከተማ በማልጠራው ሆቴል በር ላይ፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በዘበኛ ሲመለሱ አይቻለሁ። ሆቴሉ የቈየ የሹም ቤት ነው፤ በሩ ላይ የታሪክ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሽማግሌው የመጡት ልጃቸው ከውጭ አገር መጥቶ ውስጥ ስላረፈ ነበር። ዘበኛው «ማንን ፈልገው ነው አባት?» አለ፤ ድምፁ ክፉ አልነበረም፤ እጁ ግን በሩን ይዟል። ሽማግሌው የልጃቸውን ስም ሲናገሩ የሠፈር ስሙን ነበር የተናገሩት፤ በሆቴሉ መዝገብ ላይ ያለው የፓስፖርት ስሙ ነው። አልተገኘም። ከመንገዱ ማዶ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጁ እስኪወጣ ጠበቁ። የአያቴ አያት የጠበቀው ጥበቃ መሆኑ ነው፤ መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ።

ከዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ በአገራችን የታየው አንድ ጊዜ ይመስለኛል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን በሚኒስትሮችና በመሳፍንት ደም ተነከረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. ተማሪ ገባበት። የንግሥና ግቢ የንባብ ቤት ሆነ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየሙን አስገባበት። ዛሬ የወጣ ሰው ከገበሬው ማረሻና ከሸማኔው ዕቃ እስከ ንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል በአንድ ጣራ ሥር ያያል። ለንጉሡ መስጠት ቀላል ነበረ፣ በዚያ ቤት መተኛት ከእንግዲህ ማን ይወዳል የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን። ስጦታው ግን ያልታሰበ ነገር ወለደ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ በዚያው ግቢ «መሬት ለአራሹ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ባና ተሸክሞ የመጣው ሰው ጉዳይ በመጨረሻ ከቤተ መንግሥት ውስጥ የተነገረው ያኔ ነው፤ ቤቱ ቤተ መንግሥትነቱን ካቆመ በኋላ።

አንኮበር ዩኒቨርሲቲ ይሁን አልልም። ግን ከአንኮበር ወደ ሰሜን፣ ወደ አያቴ አገር፣ ወደ መንዝ ብንወጣ ሌላ ዓይነት ማረፊያ አለ፤ ከመሐል ሜዳ ወዲህ፣ ጓሳ ላይ። እዚያ ግንብ የለም። ንጉሥ አልተቀመጠበትም። ያለው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቀዝቃዛ ሜዳ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮና ሣር ነው። ሣሩ ነው ዋናው ነገር። የጓሳ ሣር የመንዝን ቤት የሚከድን፣ ገመድ የሚሆን፣ ከብት የሚበላው ነው። የአስቦና የጌራ ልጆች ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፣ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ይሆናል፤ ሲከፈት ባለ ድርሻው ሁሉ በአንድ ቀን ይወጣል። በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ቀሮ ፈረሰ፤ ሰዎቹ ግን ቈይተው በሌላ ስም መልሰው አቆሙት። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ እንግዳ የሚያርፍበት ሎጅም የማኅበረሰቡ ነው። ምቾቱ ከአንኮበሩ ጋር የሚወዳደር አልነበረም፤ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ስንቅህን ይዘህ መሄድ ነው የሚሻለው። ይሁን እንጂ ለአዳር የከፈልከው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ አያስፈልግህም። ቤቱን የሚከድነውም የሚከፈለውም አንድ ሰው ነው። እዚያ ግብር የሚለው ቃል ሁለቱም ትርጉሙ ታርቆ አንድ ላይ ተኝቷል ልበል? ትንሽ አጋነንኩ መሰለኝ፤ የመንዝ ልጅ ስለሆንኩ ይቅርታ ይደረግልኝ።

የቅንጦት ሆቴል ይጥፋ የሚል ሰው አይደለሁም። የቅንጦት ሆቴል ያላደሰው ብዙ የታሪክ ቤት በየከተማው ሲፈርስ፣ በላዩ ላይ የመስታወት ፎቅ ሲወጣ አይተናል። ፈርሶ ከሚቀር ሒሳብ ቢመጣበት ይሻላል። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቤተ መንግሥትን ሆቴል የሚያደርግ ሰው የነገሥታቱን አዳራሽ ብቻ ሳይሆን የግብሩን ደጅም መሥራት አለበት። እንግዳው ወደ ገበታው ከመቅረቡ በፊት ያ እህል በየት እንደገባ ይይ። ውሃው በማን ጀርባ ላይ ኮረብታውን እንደወጣ ይይ። ጎንቾ ወዴት እንደሆነ በጣት ይታየው። ይህ የእንግዳውን ምግብ መራራ አያደርግበትም፤ እንዲያውም የገነተ ልዑልን ሙዚየም ያየ ሁሉ ከንጉሡ መኝታ ቤት ይልቅ ስለ ማረሻው ሲያወራ ሰምቻለሁ። የአካባቢው ሰው ደግሞ በዓመት ለአንድ ቀን እንኳ፣ በቦታው ታሪክ ምክንያት፣ ያለ ሒሳብ የሚገባበት ልማድ ቢኖር ነገሥታቱ ራሳቸው የሚቃወሙት አይመስለኝም። ግብር ማብላት የእነርሱ ሥራ ነበርና።

ይህን የምጽፈው ሆቴሎች በሚሞሉበት ወቅት አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ውጊያ መንገዱ ከብዷል፤ ለጕብኝት ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ የሚወጣ የአዲስ አበባ ሰው አንሷል። ምናልባት ሰው በማይወጣበት ጊዜ ነው ሲወጣ ምን እናሳየው ብሎ ማሰብ የሚቻለው።

ወደዚያ ጥቅምት ልመለስ። ሒሳቤን ከፍዬ ስነሣ አስተናጋጁን ልጅ «ድሮ ግብር የሚያመጣው ሰው በየት ነበር የሚገባው?» አልኩት። አሰበ። «ጋሼ፣ እሱን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ከኮረብታው ጀርባ የምትወርድ ቀጭን መንገድ አሳየኝ። «በዚያ ነው ሊሆን የሚችለው፤ ዛሬም እንጨት የሚያመጡት በዚያ ነው።»

በዚያ ወረድኩ። ከግማሽ ላይ አንድ ሽማግሌ ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጠኋቸው፤ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ያያቴን አገር ነገርኳቸው። «መንዝ! ብርድ አገር» አሉ። እኔም ወሬውን አወራሁላቸው፤ ግብር ይዞ ወጥቶ ግብር ሳይበላ የወረደውን ሰው። እንደ አያቴ ይሥቃሉ ብዬ ነበር። አልሣቁም።

«እርስዎስ አባቴ፣ ከላይ ገብተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«ሲሠራ ድንጋይ ሳቀብል ነበርኩ» አሉ። ብድግ ብለው ወደ አናቱ በበትራቸው አመለከቱ። «ያቺ ከጥጉ ያለችው፣ ጠቈር ያለችው አትታይህም? እኔ ነኝ ከዚህ የወሰድኳት። ለብቻዬ። ሁለት ሰው ያስፈልጋታል ብለው ነበር።»

ለማየት ሞከርኩ፤ ጉሙ ወርዶ ነበር። አየኋት አልኳቸው።

«ቡና ጠጣህ?»

«ጠጣሁ።»

«ስንት ነው አሁን?»

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሸክማቸውን ለማንሣት ጎንበስ አሉ። «ለንጉሥ ቤት ርካሽ ነው» አሉኝ።